የወሩ አስቤዛ በሦስተኛው ሳምንት ያልቅብናል፤ በጅምላ መግዛት ያዋጣን ይሆን?

ጥያቄ

ለአባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቤተሰባችን አምስት ሰው ሲሆን፣ ደመወዝ በገባ ሰሞን ለወር ይበቃል ብለን የምንገዛው አስቤዛ በሦስተኛው ሳምንት ያልቅና የቀሩትን ቀናት ከቅርብ ሱቅ በጥቂት በጥቂቱ እየገዛን እንገፋቸዋለን። ባለቤቴ ሁሉንም በጅምላ ብንገዛ ይረክሳል ይላል፤ እኔ ደግሞ በብዛት የገዛነው አትክልት በስብሶ ስንጥለው እያየሁ በሐሳቡ ለመስማማት ተቸግሬአለሁ። ከልጆቹ ምግብ ላይ ሳልቀንስ ወጪውን የምቀንስበትን መንገድ፣ በተለይም በጅምላ ቢገዛ የሚያዋጣው የትኛው ዕቃ እንደሆነ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

እህቴ፣ ስለ ጅምላና ችርቻሮ ከመወሰንዎ በፊት ገንዘቡ የሚያልቀው በምን ላይ እንደሆነ ቢያውቁ መልካም ነው። ለአንድ ወር ያህል በደብተር ላይ በአንደኛው ገጽ የተገዛውን ሁሉ፣ ደረሰኝ የሌለውን ጥቃቅን ግዢ ጭምር፣ በሌላኛው ገጽ ደግሞ ተበላሽቶ የተጣለውን ይመዝግቡ። እኛ ቤት ይህን ስናደርግ ወጪውን ያበዛው እኔ የጠረጠርኩት የወሩ ትልቅ ግዢ ሳይሆን፣ የጎደለ አንድ ነገር ለማምጣት እየተባለ በሳምንት አራትና አምስት ጊዜ የምንመላለስበት ግዢ ሆኖ ተገኘ። የተጣለውን የሚመለከተው ገጽም የዋዛ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 (ሁለቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዓለም ላይ ከባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ የባከነው በየመኖሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ የበሰበሰው አትክልት ያሳሰብዎት በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛ መልስ

ባለቤትዎም እርስዎም እውነት አላችሁ፤ ነገሩ እንደ ዕቃው ጠባይ ይለያያል። ሩዝ፣ ደረቅ ጥራጥሬ፣ ጨው፣ ስኳርና ሳሙና እርጥበት እስካላገኛቸው ድረስ ለወራት ስለሚቆዩ፣ የጅምላው ዋጋ በእርግጥ የሚቀንስ ከሆነ በብዛት ቢገዙ ያዋጣል። እህልና ጥራጥሬ ግን ነቀዝ እንዳይገባበት በደንብ በሚከደን ደረቅ ዕቃ መቀመጥ አለበት፤ አዲስ ሲገዛም በአሮጌው ላይ ሳይጨመር አሮጌው አስቀድሞ ማለቅ ይኖርበታል። አትክልት፣ ወተትና ዳቦ በየሳምንቱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ቢገዙ ይሻላል።

ትልቅ እሽግ ሁልጊዜ ይረክሳል ብላችሁ እንዳትገምቱ እለምናችኋለሁ። ዋጋውን ለክብደቱ አካፍላችሁ የአንዱን ኪሎ ዋጋ ካወጣችሁ በኋላ ብቻ አወዳድሩ። አንድ እሽግ ዋጋው ሳይለወጥ ከ1000 ግራም ወደ 900 ግራም ቢቀንስ፣ መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ያው ቢሆንም የኪሎው ዋጋ 11 በመቶ ገደማ ጨምሯል ማለት ነው። «ሁለት ለገዛ ሦስተኛው በነጻ» የሚባለውም ሦስቱንም ከተጠቀማችሁባቸው የአንድ ሦስተኛ ቅናሽ ነው፤ ሦስተኛው ተበላሽቶ ከተጣለ ምንም አላተረፋችሁም፤ ድሮውንም የሚያስፈልጋችሁ አንድ ብቻ ከነበረ ደግሞ እጥፍ ከፍላችኋል።

አስቤዛው በሦስተኛው ሳምንት የሚያልቅበት ምክንያት በጓዳም ሊገኝ ይችላል። ዕቃው ሙሉ ሲሆን የሚቀዳው እጅ ይለቀቃል፤ ሊያልቅ ሲል ነው ቁጠባ የሚታሰበው። እኔ የወሩን ደረቅ ዕቃ ገና ከገበያ እንደገባ በአራት እከፍለውና የሳምንቱን ድርሻ ብቻ ወደ ወጥ ቤት አወጣለሁ፤ ሌላው በየተራው ይጠብቃል። ወሩ ከአራቱ ሳምንት አልፎ የሚተርፉትን ሁለት ሦስት ቀናት ስትከፍሉ እንዳትረሷቸው።

ሦስተኛ መልስ

የልጆቹ ምግብ እንዳይጎዳ ላሉት፣ ጥራጥሬ ፕሮቲን ያለው ምግብ ነው። ደረቁን ገዝቶ ቤት ማብሰል በጣሳ ታሽጎ የበሰለውን ከመግዛት በአብዛኛው ይረክሳል፤ አንድ ኪሎ ደረቅ ባቄላ ሲበስል ከሁለት ኪሎ በላይ ይሆናል። ከማታ ጀምሮ ቢዘፈዘፍ ቶሎ ስለሚበስል ማገዶውም ሆነ መብራቱ ይቆጠባል። ተልጦና ተከትፎ የሚሸጥ አትክልት የሥራውን ዋጋ ጨምሮ ስለሚሸጥ፣ ጊዜ ካላችሁ አትግዙት።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማቀዝቀዣችን ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም አይችልም። በተጨማሪም ባለቤቴ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን ያለፈበትን ሁሉ ይጥላል፤ ይህ ተገቢ ነው?

አራተኛ መልስ

እህቴ፣ ድንችና ሽንኩርት ከማቀዝቀዣው ቢወጡ ለሌላው ቦታ ይለቃሉ። ድንች ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ሽንኩርት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከድንቹ ተለይቶ ቢቀመጥ ይሻላል። የበሰለ ሙዝ፣ ፖምና ቲማቲም ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ስለሚያወጡ አጠገባቸው ያለውን ቅጠላ ቅጠል ቶሎ ያጠወልጉታል። ማቀዝቀዣው ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይበልጥ፣ ወተትም በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚሞቀው እርሱ ነውና። የተረፈ ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቆይ ይግባ፤ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥም ይበላ።

ስለ ቀኑ፣ ጽሑፉን ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ጥራት የሚናገር በመሆኑ፣ ማሸጊያው ያልተነካ ደረቅ ዕቃ ቀኑ ጥቂት ስላለፈ ብቻ አይጣልም። «እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ» የሚለው ግን እንደ ሥጋ ባሉ ቶሎ በሚበላሹ ምግቦች ላይ የሚጻፍ የጤና ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ በዚህ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ እባክዎ ለቁጠባ ሲባል እንዳይደፈር።

ከጠያቂዋ

ልዩነቱን አሁን ነው ያወቅሁት። ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር ጓዳውን ፈትሸን ያለንን እንጽፋለን፤ በሚቀጥለው ደመወዝ ደረቁን ዕቃ ብቻ በጅምላ ገዝተን በአራት እንከፍለዋለን፤ የአትክልቱንም ገንዘብ በየሳምንቱ በተለያየ ፖስታ እናስቀምጣለን። የወሩን ውጤት ከነደብተሩ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።