«ባዮዲግሬደብል» (የሚበሰብስ) ተብሎ የሚሸጥ ፌስታል እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል?

ሱቅ_በደረቴ፦
ጤና ይስጥልኝ። በ2017 የጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ካገደ ወዲህ አከፋፋዮች ሁለት ነገር ያቀርባሉ፤ አረንጓዴ ቅጠል የታተመበት «ባዮዲግሬደብል» ስስ ከረጢት፣ እና «ጨርቅ ነው» የሚሉት ማንገቻ ያለው ቦርሳ። ሁለቱም ከተራው ፌስታል ይወደዳሉ። በእጅ የሚሞከር መለያ አለ?

ፖሊመር፦
ለከረጢቱ ውሃ ይበቃል። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጠህ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ካለበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ክተትና የተጣበቀበት አየር እስኪለቅ በማንኪያ እሸው። ሳሙና ከሌለ አየሩ አንሳፍፎ ያሳስትሃል። ከተንሳፈፈ ፖሊኤትሊን ነው፤ ያው ፌስታል። ከስታርችና ከፒኤልኤ (ከዕፅዋት ስኳር ከሚሠራ ፕላስቲክ) የሚሠሩት ከውሃ ስለሚከብዱ ይሰምጣሉ። መስመጡ ብቻ ግን አያስተማምንም፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የበዛበት ፕላስቲክም ይሰምጣል።

ተንሳፍፎም «ይበሰብሳል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ «ኦክሶ» ነው፤ ፖሊኤትሊን ላይ የኮባልት፣ የማንጋኒዝ ወይም የብረት ጨው ጣል ይደረግበታል። ፀሐይ ሲመታው ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው ግን ያው ፕላስቲክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያ አግዶታል።

ኮምፖስት_ሠሪ፦
የሰመጠውን በወረቀት አጣራ። «ኢኤን 13432» (የአውሮፓ) ወይም «ኤኤስቲኤም ዲ6400» (የአሜሪካ) የመበስበስ መስፈርት የሚል ምስክር ወረቀት ጠይቅ፤ ቁጥሩን ከሰጪው ተቋም ድረ ገጽ ላይ ፈልገህ የአምራቹ ስምና የከረጢቱ ውፍረት መግጠሙን እይ። የሌላ ምርት ወረቀት ፎቶ ኮፒ ማሳየት የተለመደ ነው። «ዲ6954» ካሉህ እሱ የኦክሶ መፈተሻ መመሪያ ነው፣ ይበሰብሳል ማለት አይደለም።

ደግሞ 13432 የሚለካው 58 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የፋብሪካ ኮምፖስት (ብስባሽ) ውስጥ ነው፤ ከ12 ሳምንት በኋላ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ ከ10 በመቶ በላይ መቅረት የለበትም። የጓሮ ጉድጓድ ያን ሙቀት አይዝም። ለጓሮ «ኦኬ ኮምፖስት ሆም» የሚል ምልክት ያለውን ምረጥ።

ድርና_ማግ፦
ቦርሳውን ደግሞ ክር ምዘዝለት። ጥጥ ክር ይመዘዛል። ክር የሌለው፣ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ የታተመበት ከሆነ በሙቀት የተጣበቀ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ላይተር ስታስጠጋው ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል፣ ሽታው እንደ ሻማ ነው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል።

ፕላስቲክ ነው ብለህ ግን አትጣለው። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት፣ በአየር ንብረት ሙቀት ላይ ያለው ጫና አንዴ ተይዞ ከሚጣል ፌስታል እንዲያንስ የፖሊፕሮፒሊኑ ቦርሳ ቢያንስ 11 ጊዜ፣ የጥጡ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። ስለዚህ ስፌቱን እይ፤ ማንገቻው በክር ያልተሰፋ፣ በሙቀት ብቻ የተለጠፈ ከሆነ አምስት ኪሎ ድንች ይበጥሰዋል፣ 11 አይደርስም።