ድሮን ለጨው ሐይቅ፦ ቦርዱን በምን እንቀባው?

ፒያሳ_ካሜራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ራሳችን የገጠምነውን 5 ኢንች (የፕሮፔለሩ መጠን) ድሮን ይዘን አፋር ወዳሉት አሳሌ ሐይቅና ዳሎል ለቀረጻ ልንወርድ ነው። ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚበር የጨው ርጭት የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ላይ ማረፉ አይቀርም። ፍላይት ኮንትሮለሩም (በረራውን የሚመራው ቦርድ) ኢኤስሲውም (የሞተሮቹን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) ምንም አልተቀቡም። መርካቶ ስንጠይቅ አንዱ የመስኮት ሲሊኮን፣ ሌላው የጥፍር ቀለም ቀቡት ይላል። የቱ ይሻላል? የማይቀባውስ የቱ ነው? ውሃ ውስጥ ቢወድቅ መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ብየዳ_ሜክሲኮ፦
ሁለቱንም ተዉት። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ መዳቡን ራሱ ይበላዋል። የጥፍር ቀለም ደግሞ ኢኤስሲው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ጨው ከሥሩ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል።

የሚያስፈልጋችሁ ኮንፎርማል ኮቲንግ፣ ማለትም ለኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የተሠራ ስስ መከላከያ ቅብ ነው፤ በብሩሽ የሚቀባውን ግዙ፣ ስፕሬዩ ያልታሰበ ቦታ ይገባል። ከኮቲንጎቹ መካከል ሲሊኮን የሆነው ሙቀት ስለሚችል ለኢኤስሲ እሱን እመርጣለሁ። አክሪሊኩ በአሴቶን ስለሚለቅ በኋላ መበየድ ለሚያበዛ ይቀላል።

ከመቀባታችሁ በፊት ብየዳውን ጨርሱ፣ ፈርምዌሩን (የቦርዱን ሶፍትዌር) ጫኑ፣ ሞተሮቹን ፈትሹ። ከዚያ ቦርዱን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ከብየዳ የተረፈ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚደረገው ኬሚካል) እርጥበት ይስባል፤ ላዩን ቀባችሁበት ማለት እርጥበቱን አብራችሁ ዘጋችሁበት ማለት ነው። የፋርማሲው 70 በመቶ አይሆንም፣ ቀሪው ውሃ ነው። ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ጠይቁ።

የማይነኩት የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ቡት በተኑ (ፈርምዌር ሲጫን የሚጫኑት ቁልፍ)፣ የሶኬቶቹ ውስጥ፣ የሚሞሪ ካርዱ ቦታና የአንቴናው መሰኪያ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን ባሮሜትሩን (በአየር ግፊት ከፍታ የሚለካውን) ተጠንቀቁ፦ አናቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ያለችው ትንሽ ቺፕ ነች። ቀዳዳዋ ከተደፈነ የከፍታው ንባብ የማይታመን ይሆናል። ቁራጭ ካፕቶን ቴፕ (ሙቀት የሚችል ቴፕ) ለጥፉባትና ኮቲንጉ ሲደርቅ አንሱት።

ሁለት ስስ እጅ ቀቡ፣ ሁለተኛውን በተቃራኒ አቅጣጫ። ወፍራም አንድ እጅ አረፋ ይይዛል፣ ሙቀትም ያፍናል። በሁለቱ መካከል ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ፤ ከመጨረሻው በኋላ አንድ ቀን ሙሉ አሳድሩት።

ፒያሳ_ካሜራ፦
እናመሰግናለን! ሁሉም ቦታ መዳረሱን በምን እናውቃለን? ሳይቀቡ የቀሩት ሶኬቶችስ?

ብየዳ_ሜክሲኮ፦
ስትገዙ በዩቪ ብርሃን የሚያበራውን ዓይነት ምረጡ። ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ስታበሩበት የተቀባው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ ጨለማ የቀረው አምልጧችኋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው የቺፕ እግሮች መሃልና የትልልቅ ካፓሲተሮች ጥግ ነው። ሶኬቶቹን ሰክታችሁ ጠርዛቸውን በዳይኤሌክትሪክ ግሪስ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ግሪስ) ዝጉ፣ ዩኤስቢውን በጎማ ክዳን ወይም በቴፕ።

ጨው_አዳሪ፦
ኮቲንግ ጊዜ ይገዛላችኋል እንጂ ድሮኑን የውሃ ዕቃ አያደርገውም። ሲወድቅ ቁርጡን የሚለየው የሚቀጥሉት ደቂቃዎች ናቸው። ጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ባትሪው እንደተሰካ ከቆየ የቦርዱ የመዳብ መስመር በኤሌክትሮሊሲስ ይበላል፣ እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ይወጣል። ስለዚህ ከማየታችሁም ከመጠየቃችሁም በፊት ባትሪውን ንቀሉ። የረጠበውን ሊፖ (የድሮኑን ሊቲየም ባትሪ) መኪና ውስጥ አታስገቡት፤ ዘግይቶም ሊቀጣጠል ስለሚችል ከሰውና ከዕቃ ርቆ ሜዳ ላይ ይቆይ።

ከዚያ ሳይደርቅ እጠቡት። ጨው አንዴ ከደረቀ ክሪስታል ሠርቶ ቺፕ ሥር ይገባል፣ ከአየር እርጥበት እየሳበም መብላቱን ይቀጥላል። መጀመሪያ በሁለት ሊትር ያህል ሃይላንድ አጥለቅልቁት። ቀጥሎ በዲስትልድ ውሃ፤ ይኼንን አዲስ አበባ ሳላችሁ መኪና መለዋወጫ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ብላችሁ ግዙ፣ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ። በመጨረሻ 99 በመቶ አልኮል፣ ከዚያ ፋን ፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት። ሩዝ ውስጥ መቅበሩን እርሱት፣ ሩዝ ጨው አያወጣም።

ሞተሮቹ ውሃ ውስጥም ይሽከረከራሉ፣ የሚጎዳው ኩሽኔታቸው ነው፤ ባይወድቅም በየቀኑ ማታ አጥባችሁ አድርቁና አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጣሉበት። ዳሎል ላይ ደግሞ ከምንጮቹ በላይ ዝቅ አትበሉ፤ ፒኤቻቸው ከ1 በታች የሚደርስ፣ ማለትም ኃይለኛ አሲድ የሆነ አለ፣ ያ ከጨው ሌላ ጉድ ነው። ጂምባል (ካሜራውን የሚያረጋጋ መያዣ) ያለው የተገዛ ድሮን ካላችሁም አትፍቱት፤ ከፍ አድርጋችሁ አብሩ፣ ስታወርዱ ንጹሕ ውሃ በነካ ጨርቅ ጥረጉት።

ከደረቀ በኋላ ቀጥታ ባትሪ አትሰኩበት። በስሞክ ስቶፐር (በባትሪውና በድሮኑ መካከል የሚሰካ፣ አምፖል ያለው መከላከያ) በኩል ስጡት፤ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ያኔ ነቅላችሁ እንደገና በአልኮል እጠቡ።