የእሳት አደጋ አገልግሎታችንን በውል እንስጥ ወይስ ራሳችን እንያዘው?

የአንዲት ትንሽ ከተማ ምክር ቤት አባል ነኝ። ያለን አንድ ያረጀ የእሳት አደጋ መኪናና ጥቂት ሠራተኛ ነው፤ ማታ ጣቢያው ባዶውን ያድራል። ራሳችን እናሟላ ብለን ሒሳቡን ስንሠራ ደነገጥን። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፣ አንድ ሰው 40 ቢሠራ መኪናው ላይ ሁልጊዜ 4 ሰው እንዲኖር ብቻ 17 ያህል ሰው መቅጠር አለብን፤ ያውም ፈቃድና ሕመም ሳይቆጠር።

ትልቋን ጎረቤት ከተማ ጠየቅን። እሺ አሉ፣ ግን ቅድሚያ ለራሳቸው ነው። አንድ የግል ድርጅት ደግሞ በጣም ርካሽ ዋጋ አቀረበ። ረቂቁን ሳነበው ግን «በ8 ደቂቃ እንደርሳለን» የሚለው ከስልክ ጥሪው ጀምሮ ይሁን መኪናው ከጣቢያ ከወጣ በኋላ አይታወቅም፣ ስንጠይቃቸውም መልሳቸው ድፍንፍን ያለ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ መጨረሻው ነው። አሜሪካ ውስጥ ስኮትስዴል የምትባል ከተማ ለአሥርት ዓመታት በግል ድርጅት ስትገለገል ኖራ፣ ድርጅቱ አልቀጥልም ሲል እ.ኤ.አ. በ2005 የራሷን የእሳት አደጋ መምሪያ አቋቋመች። እሷ አቅም ነበራት፤ እኛ መኪናውን ሸጠን ሠራተኛውን በትነን ቢሆንስ?

እንዲህ ያለ ውል ያያችሁ ሰዎች፣ ጣቢያውና መኪናው በከተማው ስም ሆኖ ሰዉን ብቻ ከድርጅት መውሰድ በተግባር ይሠራል ወይ?