ከሜዳችን ውጪ 4½ ለ3½ ተሸነፍን፤ የመጨረሻው ሰሌዳ የኔ ነበር

ጥቁር_ወታደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ነው የምኖረው፣ በሰፈራችን ቼዝ ክለብ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እሑድ ከሜዳችን ውጪ የሊግ ጨዋታ ነበረን። ጨዋታው በስምንት ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ልጅ ጠዋት ታሞ ስለቀረ ሰባት ሆነን ሄድን። አንድ ሰሌዳ በባዶ ሰጥተን ጀመርን ማለት ነው።

ልጆቹ ግን ታግለው 3½ ለ3½ አደረሱት። የቀረሁት እኔ ብቻ፣ 6ኛ ሰሌዳ፣ በጥቁር። አቻ ብወጣ 4 ለ4 ነው፣ አንድ የሊግ ነጥብ ይዘን እንመለሳለን። እኔ ከንጉሤ ሌላ ሩክ (ግንብ የሚመስለው ጠጠር) ብቻ ቀርቶኛል፣ ተጋጣሚዬ ሩክና መሀል ላይ ያለ አንድ ወታደር። ንጉሤ ወታደሩ ንግሥት የሚሆንበት ቤት ላይ ቆሟል። ሰዓቴ አልቆ በየእንቅስቃሴው በምትጨመረው 30 ሰከንድ ነው የምጫወተው፣ ሁለቱም ቡድኖች ከበውን ቆመዋል፣ አንዱ ቡናውን ሲያማስል የማንኪያው ድምፅ ይሰማኛል። አቻ ጠየቅሁት፣ ራሱን ወዘወዘ። ፈራሁና ሩኬን ወደ መጨረሻው ረድፍ፣ ንጉሤ ጎን መለስኩት። በቃ፣ ከዚያ በኋላ አልቆየሁም። ስንመለስ መኪና ውስጥ ማንም አላወራም። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናንተ እንዲህ ያለውን ቦታ እንዴት ነው የምትይዙት? ሽንፈቱስ የኔ ነው?

ሩክ_በጥግ፦
አይዞህ ወንድሜ። ቦታው የፊሊዶር ቦታ ይባላል፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ፈረንሳዊ ተጫዋች ስም። ሩክህን ከራስህ በኩል ስትቆጥር ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጥና የተጋጣሚህን ንጉሥ እንዳያልፍ ከልክለው። ሌላ ምንም አትሥራ፣ እዚያው ረድፍ ላይ ወዲያና ወዲህ በል። ወታደሩን ወደዚያ ረድፍ የገፋ ዕለት ንጉሡ መጠለያ ያጣል። ያኔ ሩክህን እስከ ታች አውርደህ ከኋላ ንጉሡን እያጠቃህ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ። ሩክን ንጉሥ ጎን ማስቀመጥ የሚያዋጣው ወታደሩ ዳር ወይም ከዳር ሁለተኛው መስመር ላይ ሲሆን ነው። መሀል ላይ ከሆነ ያልቅልሃል።

እቴጌ64፦
እኔን ያናደደኝ ባዶው ሰሌዳ ነው። ተጠባባቂ የት ሄደ? እኔ እዚህ ስዊድን ቡድን አስተባብራለሁ፣ ከጨዋታ በፊት ባለው ማታ ከሁለተኛው ቡድን አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ እንዲያድር እናደርጋለን። አንተ አምስት ሰዓት ተቀምጠህ የለፋህበትን ግማሽ ነጥብ ከማንሳታችሁ በፊት ሙሉ ነጥብ በነፃ ሰጥታችኋል። ይሄንን ለአምበላችሁ ንገረው፣ በጨዋነት፣ ግን ንገረው።

የፒያሳ_ልጅ፦
እህቴ እውነትሽን ነው፣ ግን ልጁን በዚህ ብቻ አናጽናናው። ቦታው አቻ ነበር፣ ያመለጠው ስላላወቀው ነው። የሚያውቁት ነገር ሲሆን እጅም አይንቀጠቀጥም። አምበልም ቢሆን አቻ ጠይቅ፣ ተቀበል ወይም እጅ ስጥ ከማለት በቀር ስለ ቦታው ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም፣ ስለዚህ እዚያ ሰዓት ላይ ብቻህን ነህ። ሌላው፣ እጅህን ጭንህ ሥር አድርግ። ወስነህ ሳትጨርስ አይውጣ፣ አንዴ ከነካህ መጫወት ግድ ነው።

ጥቁር_ወታደር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ቦታውን ደርድሬ ከልጄ ጋር ሞከርነው፣ እሷ ነጭ ሆና። ሁለቴ አሸነፈችኝ፤ ሦስተኛው ላይ ሩኬን እዚያች ረድፍ ላይ ተክዬ ያዝኩት። ለአምበሉም ስለ ተጠባባቂው ጽፌለታለሁ።