ዓይኔ ሳላዘው ጠርሙስ ላይ ይሄዳል፣ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

የፒያሳው (ደሴ)፦ ቤተሰብ ቶሎ መልሱልኝ። መጠጥ ካቆምኩ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ማታ ኮምቦልቻ የአጎቴ ልጅ ቅልቅል አለ፣ መቅረት አይሆንልኝም። ችግሬ ዓይኔ ነው። ዛሬ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ስወርድ ጓደኛዬ ሰላም ሲለኝ አልሰማሁትም፣ በየበረንዳው የተደረደረውን የቢራ ሳጥን ግን አንድ ሳይቀር አይቻለሁ። ሳየው ያንገሸግሸኛል፣ ወዲያው ደግሞ ምራቄን እውጣለሁ። ልቤ ሁለት ሆነ።

ጋሼ፦ ልጄ፣ መጠጥ ስንቱን ቤት አፈረሰ። የእኛ ሰፈር ሰው መሬቱን ሸጦ ጠጥቶ ልጆቹ በየዘመዱ ተበተኑ። ጸሎትህን ያዝ፣ ቁረጥ።

ቁርጥ ያለ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ ማቆም አልፈለግክም። የቆረጠ ሰው ዓይኑ አይንከራተትም።

መንገደኛ፦ መንገድ ቀይር። በቃ።

የኮምቦልቻ ሾፌር፦ ቁርጥ ያለ፣ ተሳስተሃል። መፈለግና መጥላት አንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ። ብዙ የጠጣ ሰው ጭንቅላት ጠርሙስን ከደስታ ጋር አያይዞ ለምዷል፣ ስለዚህ ገና ሳያስበው ዓይኑ ቀድሞ ይደርሳል። እኔ ካቆምኩ 3 ዓመቴ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ብርሌ ሲንኳኳ ከሌላ ክፍል እሰማ ነበር። ወንድሜ፣ አምሮቱ ሲመጣ ሰዓትህን እይ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበርዳል። ድግስ ላይ ደግሞ እጅህን ባዶ አታድርግ፣ ባዶ እጅ ካዩ ይቀዱልሃል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ አብሽር! ቅልቅሉ ላይ ከነሼህ ጋር ቁጭ በል። እዚያ ከሚሪንዳና ከውሃ ሌላ አይዞርም፣ ዓይንህም ቢንከራተት የሚያገኘው ሚሪንዳ ነው 😄

ነርሷ፦ ቆይ፣ በየቀኑ ነበር የምትጠጣው? ምን ያህል? እጅህስ?

የፒያሳው፦ በየቀኑ፣ 6 ዓመት። ማታ ማታ ግማሽ ጠርሙስ አረቄ፣ ከላዩ ቢራ። ዛሬ ጠዋት ሻይ ሳነሳ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር እየተንቀጫቀጨ ፈሰሰብኝ። እንቅልፍም የለኝም፣ ያልበኛል። የደሴ ብርድ ነው ብዬ ነው።

ነርሷ፦ የኔ ወንድም፣ ብርድ አያልብም። እንዲህ በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። መንቀጥቀጡ ከመጨረሻው መጠጥ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ ጀምሮ ይመጣል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊኖር ይችላል፣ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት። ይሄ ሰው ይገድላል። ቅልቅሉን ተወውና አሁኑኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ፣ የጠጣኸውንም ሳትደብቅ ንገራቸው። የሚያረጋጋ መድኃኒት አለው፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጡሃል። ብቻህን አትሂድ፣ መኪናም እንዳትነዳ።

መንገደኛ፦ እኔም እኮ አልኩ፣ መንገድ ቀይር።

ቁርጥ ያለ፦ ይሄን አላወቅኩም፣ ይቅርታ ወንድሜ። ነርሷን ስማት።

ነርሷ፦ የፒያሳው፣ ወጣህ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ አየኸው? ባጃጅ ይዤ ፒያሳ ነኝ። የት ጋ ነህ?