የመድን ወረቀቶቻችንን እንዴት ላደራጅ?

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ቤት ውስጥ የቤተሰቡ የጤና መድን ደብተር፣ የባጃጃችን የሦስተኛ ወገን ውል፣ የቤቱ የእሳት መድን ውል፣ ከዚያ የየዓመቱ የአረቦን (የመድን ክፍያ) ደረሰኝ አለን።

መጀመሪያ በየዓይነቱ ለይቼ ክላሰር ውስጥ አስገባኋቸው። የእድሳት ቀኑ ግን ተምታታብን፤ የጤናው በእኛ አቆጣጠር፣ የሌሎቹ በፈረንጆቹ ነው። በእድሳት ቀን ስደረድራቸው ደግሞ ውሉና ደረሰኙ ተለያዩ። አደጋ ቢደርስ ሁለቱም ባንድ ላይ ያስፈልጋሉ።

ከማሽን የሚወጣው ስስ ደረሰኝ ይብሳል። ፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ ቀለሙ ለቆ የተከፈለው ብር እንኳ አይነበብም። የቀሩትን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከጀርባቸው አያያዝኳቸው፤ እሱ ጥሩ ሆኗል።

እኔ ባልኖርም እናቴ ቶሎ ልታገኛቸው ይገባል። ውልና ደረሰኝ ሳይነጣጠሉ፣ የእድሳት ቀኑም ሳያመልጠን፣ በምን ቅደም ተከተል ላስቀምጣቸው?