አዲሱ ጎማ ፊት ይሁን ወይስ ኋላ?

ወገኖች፣ እስቲ ምከሩኝ። አቴንስ ነኝ። ቅዳሜ እናቴን ዴልፊ ልወስዳት ነው፤ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አራሆቫ አካባቢ መንገዱ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፣ ዝናብም ይጥላል ተብሏል።

የኋላ ጎማዎቼ ጥርሳቸው ደህና ነው። ጎናቸው ግን እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ተሞልቷል። ቁጥሩ 1416 ይላል፣ የ2016 14ኛ ሳምንት ምርት መሆኑ ነው። እነሱስ ይጣሉ። የፊቶቹ ግማሽ አልቀዋል፤ ኪሴ ደግሞ ከሁለት አዲስ በላይ አይችልም።

ጎሚስታው «መኪናውን የሚጎትተው ፊት ስለሆነ አዲሶቹ ፊት ይግቡ» ብሎ ድርቅ አለ። ጎማ አምራቹ ሚሼሊን ግን ኋላ ይሁኑ ነው የሚለው፤ እርጥብ ኩርባ ላይ ኋላው ከከዳ መኪናው ይሽከረከራል። እኔም ወደዚህ አደላለሁ።

በዝናብ የነዳችሁበት፣ የማንን ልስማ? ወይስ በአውቶቡስ ብንሄድ ይሻላል? ዴልፊ ላይ ከጥንቱ የአፖሎ ቤተ መቅደስ እስከ ስታዲየሙ ያለው አቀበት ለእናቴ ጉልበት ይበቃታል።